የባሌ ጮጮ እንዴት ይመዘናል?

ከተክል ቃጫ በወስፌ ጠበቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ በቆዳ ጠፍር የታሰረ፣ አንዳንዴም ዛጎልና ጨሌ የተደረደረበት የወተት ጮጮ በባሌ ደጋ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ዛሬ ግን ወተቱ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ የሚወርደው በአብዛኛው በፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ ጮጮው ከጓዳ እየወጣ ሳሎን ግድግዳ ላይ መሰቀል ጀምሯል። ገዥው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ የማስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ጮጮ የተሠራው ወተት እንዲይዝ ነውና ዋጋውም መመዘን ያለበት በዚያ ሥራው ነው፤ ደህና ተሰፍቶ ብዙ የሠራ የሠላሳ ዓመት ዕቃ፣ ሳይሠራ ካረጀ የመቶ ዓመት ዕቃ ይበልጣል።

ለዚህ ማስረጃው ከስፌቱ ይጀምራል። ቃጫ በተፈጥሮው ፈሳሽ አይዝም፤ የሚያስይዘው የሰፊዋ እጅ ነው። ጥሩ ሰፊ እያንዳንዱን ዙር ከታችኛው ጋር አጥብቃ ስለምታያይዘው ቃጫው ሲርስ ያብጥና ቀዳዳውን ራሱ ይዘጋል፤ ቅቤውና ጭሱ የቀረውን ይደፍናሉ። ስለዚህ ጮጮውን ወደ ብርሃን አዙሮ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። እንደ መርፌ ጫፍ የሚያበራ ነጥብ ከታየ ወይ ስፌቱ ላልቷል፣ ወይ ዕቃው ከመጀመሪያውም ለጌጥ የተሰፋ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ሆዱ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ ነው። ሰፊዋ ዙሩን እየቀነሰች የምታጠብበው እዚያ ስለሆነ ችኮላም ሆነ ድካም የሚጋለጠው በዚያ ነው። ሆዱ ላይ ሁሉም ሰፊ ጎበዝ ይመስላል። ዛጎሉን በመጨረሻ ይመልከቱት፤ ዛጎል መጥፎ ስፌት ይሸፍናል እንጂ አያርምም።

ሁለተኛው ማስረጃ ጭሱ ነው፤ አጭበርባሪውም የሚያዘወትረው ይህንኑ ነው። አዲስ ዕቃ ምድጃ ላይ ሰቅሎ ማጥቆር ቀላል ስለሆነ ጥቁረት ምንም አያረጋግጥም የሚል ተቃውሞ አለ። ተቃውሞው ትክክል ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ያያል። የወተት ዕቃ የሚታጠነው ከውስጥ ነው፤ እንደ ወይራ ያለ ጥሩ ሽታ ያለው እንጨት ፍም ሆዱ ውስጥ ይገባል ወይም አፉ ጭሱ ላይ ይደፋል። ስለዚህ የሠራ ጮጮ ውስጡ ከውጪው ይጠቁራል፣ ሽታውም ከነክዳኑ ነው። ውጪው ወጥ በሆነ ጥላሸት ጠቁሮ ውስጡ የገለባ መልክ ካለው፣ የጠቆረው ለገዥ ዓይን ነው። የእጅም አሻራ እንዲሁ አይዋሽም፦ ጠፍሩ ትከሻና መዳፍ በሚነካበት ቦታ ይለሰልሳል፣ ወዙም እዚያው ይቀራል፤ መቀመጫው ጠርዝ ጠርዙን ያልቃል። እኩል ያለቀ ዕቃ ከተገኘ ያጠራጥራል፤ ኑሮ እኩል አይጨርስም።

የሠሪዋ ስምም ሆነ ዓመቱ ያልተጻፈበት ዕቃ ላይ መፍረድ ግምት ነው የሚሉም አሉ፤ የፈረንጁን የአሻንጉሊት ድብ ሰብሳቢዎች ይጠቅሳሉ። በእርግጥ በጀርመን ጊንገን ከተማ ያለው የማርጋሬቴ ሽታይፍ ፋብሪካ ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሻንጉሊቶቹ ጆሮ ላይ የብረት ቁልፍ ይተክላል፤ ያ ቁልፍ ለሰብሳቢ ትልቅ ምስክር ነው። ነገር ግን ቁልፍ ከአንዱ ጆሮ ተነቅሎ ሌላው ላይ ይተከላል። ለዚህ ነው የድብ አዋቂዎችም ከቁልፉ አልፈው ጸጉሩ የት የት እንደሳሳ፣ መዳፉ እንዴት እንደተጠገነ የሚያዩት። በ1994 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በክሪስቲ ጨረታ 110,000 ፓውንድ ያወጣው «ቴዲ ገርል» የተባለው ድብም ያን ዋጋ ያገኘው በቁልፉ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ኮሎኔል ቦብ ሄንደርሰን ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት መኖሩ ስለታወቀም ነው። ባለ ቁልፉ ዕቃ ከነታሪኩ የሚፈለግ ከሆነ ቁልፍ የሌለው የባሌ ጮጮማ ይበልጡን ታሪኩን ይፈልጋል። የየት ቀበሌ እንደሆነ፣ ማን እንደሰፋችው፣ ለማን ሰርግ እንደተሰጠ በሚገዛበት ሰዓት መጠየቅና መጻፍ የሰብሳቢው ሥራ ነው። ይህን የማያደርግ ሰው የሚሰበስበው ቃጫ ነው።

ጥገናን እንደ ጉድለት ከሚቆጥሩት ጋር ደግሞ ጨርሶ አልስማማም። የተቀደደ አፉ በቆዳ የተለበጠ ጮጮ ባለቤቱ ልትጥለው እንዳልፈለገች ይናገራል፤ ያ ከማንኛውም የሻጭ ቃል የበለጠ ምስክር ነው። ልዩነቱ ጥገናው ለማን እንደተደረገ ነው። ለወተት የተደረገ ጥገና ጠንካራና ያልተዋበ ነው፣ በላዩም ወዝና ጭስ ይዟል። ለሽያጭ የተደረገው ንጹሕ ነው፣ ብዙ ጊዜም ማጣበቂያ ይሸታል።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መሰብሰብ ራሱ ባሌን ያራቁታል የሚለው። እዚህ ላይ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ሚዛን ማየት አይገባም። ያገባች የአርሲ ኦሮሞ ሴት የምትይዘው ሲንቄ የተባለው በትር፣ ወይም ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዝ ሰው የሚይዘው ባለ መንታ ጫፍ በትር፣ የመብትና የእምነት ምልክት ነው፤ በእኔ አስተያየት ያገለገለ ሲንቄ ስፌቱ እንዳማረ ቅርጫት ዋጋ ሊቆረጥለት አይገባም። ጮጮ ግን የቤት ዕቃ ነው፣ ባለቤቲቱም ልትሸጠው መብቷ ነው። ከአገር ማውጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። መራቆቱን የሚያፋጥነው ደግሞ ለዕድሜ ብቻ የሚከፍል ገዥ ነው፤ እሱ አሮጌውን ወስዶ ለአዲሱ ሰፊ ምንም አይተውም። ስፌትን የሚያውቅ ገዥ አሁን ለምትሰፋው ሴትም ተገቢውን ዋጋ ይከፍላል፤ ውስጡ ያልጠቆረውን አዲስ ጮጮ አዲስ ነው ብሎ ይገዛል፣ ስሟንም ከሥሩ ይጽፋል።