ጭሱ ሌላ፣ መለኪያው ሌላ

ዲኤክስ ናት፤ ያቺ አዲስ አበባ የለመደቻት የድሮ ኮሮላ። የዚህችኛዋ ግን ቆዳዋ ብቻ ነው የድሮ። ኮፈኗ ሲከፈት ያገለገለ ኢንጄክሽን ሞተር ተገጥሞላት፣ እላዩ ላይ ቱርቦ ተጨምሮበት ይታያል። ባለቤቷ ወጣት ነው፤ በሽታዋን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው፦ በሚኒሞ ትንቀጠቀጣለች፣ ሲረግጧት ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚን አይበቃትም። ሌላ ቦታ «ፕሮግራሟ ነው» ተብሎ ላፕቶፕ ተሰክቶባት ነዳጅ ተቀንሶላታል። ጭሱ ትንሽ ቀለል ሲል ሚኒሞዋ ጭራሽ ባሰበት።

መካኒኩ የሚሠራው ቂርቆስ፣ ላንቻ አካባቢ ነው። ድሮ ካዛንቺስ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዕቃውን ጭኖ ወደዚህ ወረደ። ሥራውን ቆሜ ማየት የምወደው በአንድ ነገር ነው፦ መለኪያ የሚናገረውንና መለኪያ በትክክል የሚያየውን ለይቶ ያውቃል።

አንድ ኪሎ ቤንዚን ተስተካክሎ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቱርቦው ሲገፋ ግን ሆን ተብሎ ነዳጅ ይጨመርና ቁጥሩ ወደ 12፣ አንዳንዴም ወደ 11.5 ይወርዳል፤ ትርፉ ነዳጅ የሚቃጠልበትን ክፍል ያቀዘቅዛል። በዚያ ሰዓት ነዳጅ ካነሰ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ከቆየም ፒስቶን ይቀልጣል። ከመጠን በላይ ከበዛ ደግሞ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይቱ ይታጠባል። ይህን ቁጥር የሚያሳየው ጭስ ማውጫው ላይ የሚተከለው ሴንሰር ነው። ይኸው ሴንሰር ቤንዚን አይቶ አያውቅም፤ የሚያየው ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክስጅን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ማውጫው ተሰንጥቆ የውጭ አየር ከሳበ፣ መለኪያው «ነዳጅ አንሷል» ይላል። አንድ ካንዴላ ካላቃጠለም እንደዚያው ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚንና ያልተቃጠለው ኦክስጅን አብረው ይወጣሉ፣ ሴንሰሩ ግን ኦክስጅኑን ብቻ ያያል። ኮምፒውተሩም አምኖት ነዳጅ ይጨምራል። መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተች መለኪያው ነዳጅ ያንሳታል ሲል አፍንጫን መናቅ አይገባም።

ሌላው ወጥመድ ከፍታችን ነው። 2,350 ሜትር ግድም ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። የፋብሪካው መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚደርስ የመምጠጥ ኃይል ማሳየት አለበት ይላል። እዚህ ግን በየሺህ ጫማው አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ 12 ወይም 13 ያሳየ ሞተር ምንም ላይኖርበት ይችላል። ይህን ያላሰበ ሰው ቴስታታ አስወርዶ ቫልቮላ ሲያስመታ አይቻለሁ፤ ገንዘቡ የሄደው መጽሐፉ ስለ ባሕር ወለል አየር ስለጻፈ ነው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ፕሮግራሟ አይደለም?» አለ ልጁ።

«እሱን ቆይ እናየዋለን። መጀመሪያ የሚፈስ ነገር እንዳለ ልወቅ።»

ስካነሩን ሰክቶ ያየው ነገር ግምቱን አቅጣጫ ሰጠው። በሚኒሞ ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ነው፤ ቱርቦው ሲገፋ ደግሞ የጭስ ማውጫው ቁጥር ከ11 በታች ይወርዳል። ሁለት ተቃራኒ በሽታ ይመስላል። ይህች ሞተር ግን የምትስበውን አየር መግቢያው ላይ በሴንሰር ቆጥራ ነው ነዳጅ የምትመድበው። ከትሮትሉ በኋላ፣ ማኒፎልዱ ላይ ቀዳዳ ቢኖር፣ በሚኒሞ ውስጡ ስለሚመጥ ያልተቆጠረ አየር ሾልኮ ይገባል፤ ነዳጅ ያንሳል። ቱርቦው ሲገፋ ያው ቀዳዳ የተቆጠረውን አየር ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ለሌለ አየር ነዳጅ ይረጫል፣ ጥቁር ጭስ ይመጣል። አንዱ ቀዳዳ ሁለቱንም ያመጣል ማለት ነው። ነዳጁን በላፕቶፕ የቀነሰው ሰው ጭሱን አይቶ ሚኒሞውን ረሳ።

ቀዳዳውን ለማግኘት የተጠቀመበት መሣሪያ የፕላስቲክ ቧንቧ ክዳን ነው፤ መሃሉ ተበስቶ የጎማ ቫልቭ ገብቶበታል። እሱን ቱርቦው አየር በሚስብበት አፍ ላይ አጥብቆ አሰረና ከጎረቤት ጎሚስታ የኮምፕሬሰር ቱቦ አስመጣ። ግፊቱን ከግማሽ ባር ጀምሮ ቀስ እያለ አሳደገ፣ ከአንድ ባር አላሳለፈም። ከዚያ የጎሚስታውን የኦሞ ውሃ በብሩሽ በየመጋጠሚያው ቀባ። ጎማ ቱቦዎቹ ዝም አሉ። ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት በስተኋላ፣ አራተኛው ሲሊንደር ሥር፣ እጅ እንኳ በማይገባበት ቦታ፣ በትንሽ መስተዋት ሲታይ አረፋው ይፈላል።

ማኒፎልዱ ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ በአንድ ጥግ ተበልቶ ተገኘ። ለዚህ ሞተር የተሠራውን ከሶማሌ ተራ ማግኘት ዕድል ነው፤ ስለዚህ ከጥቅል የጓርኒሲዮን ወረቀት ቆረጠለት። በየጋራዡ የተለመደው ወረቀቱን ብረቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በመዶሻ መቀጥቀጥ ነው። እሱ አይቀጠቅጥም፤ አሉሚኒየሙን ያቆስለዋል። ጠርዙን ቅባት ነክቶ ወረቀቱ ላይ አተመ፣ በስለት ቆረጠ፣ የቡሎኑን ቀዳዳዎች በሹል ቧንቧ በሳ። ከመግጠሙ በፊት ቀጥ ያለ ብረት ፊቱ ላይ አጋድሞ መጣመም አለመጣመሙን በብርሃን አየ። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጠበቀ። ይህ ሁሉ ሞተሩ ተገጣጥሞ ሲያልቅ የማይታይ ሥራ ነው።

ሙከራው ላይ አንድ ችግር አለ። ከመስቀል አደባባይ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል የሚወጣው ዳገት ለቱርቦ ጥሩ ነበር፤ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ግን ማንም አይረግጥም። ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ወረዱ። ያ መንገድ ሌላ ጥቅምም አለው፤ አዳማ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩ አዲስ አበባ ላይ ያልተሞከረበት ጭነት ያገኛል፤ ያጠረ ነዳጅ ካለ እዚያ ይለያል። ቱርቦው ሲገፋ ቁጥሩ ከ12 ወደ 12.6 ወጣ፤ ያ ሌላኛው ሰው የቀነሰው ነዳጅ አሁን ታየ። ሞተሩን እየገፋች ሳለ አጥፍቶ ዳር ያዘ፣ ሲበርድ አንድ ካንዴላ ፈታ። ሸክላው ነጣ ያለ ነው፤ የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ግን የለውም፣ ፒስቶኑ አልተነካም።

ላፕቶፑን የከፈተው ያኔ ነው። የተቀነሰውን ነዳጅ ግፊት ባለበት በኩል ብቻ መለሰ፤ ልጁ ግፊቱን ከፍ ያድርግልኝ ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ ኢንጄክተሮቹ የሚበቁ መሆናቸውን ሳላይ አይሆንም ብሎ ኮፈኑን ዘጋ።