በፓዌ ማዕድ ማን ይፍረድ?

ፓዌ ገብቶ «ጥሩ ምግብ የቱ ጋ ይገኛል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አስቀድሜ የምነግረው አንድ ነገር ነው። በእናትዎ ቤት መለኪያ አይፍረዱ እለዋለሁ። አገራችን ውስጥ ይህ ምክር የማያስፈልግባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ጎንደር ላይ የጎንደርን፣ ሐረር ላይ የሐረርን እጅ ቀምሶ መፍረድ ይቻላል። ፓዌ ላይ ግን በአንድ ገበያ፣ አንዳንዴም በአንድ አጥር ግቢ፣ የብዙ አገር እጅ አለ።

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 80 ሺህ ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከከምባታና ከሐዲያ እየተጫነ ፓዌ ወዳለበት የመተከል ቆላ ወረደ። በጣሊያን ገንዘብ የተጀመረውና ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የሠራው የጣና በለስ ፕሮጀክት መንገድ ጠረገ፣ መሬቱን በትራክተር አረሰ። መንደሮቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ወጣላቸው፤ ዛሬም ሰው «መንደር 14 ነኝ» ብሎ አገሩን ይነግርዎታል። መሬቱ ግን ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት አልነበረም። ጉሙዞች የበለስን ወንዝና ጫካውን ከዚያ በፊት ያውቁታል፤ ማሽላና ዳጉሳ ያርሱበታል፣ ማር ይቆርጡበታል፣ ያድኑበታል። እንግዲህ ከደጋ የወረደችው እናት ይዛው የመጣችው እጇን ብቻ ነው። እህሉ፣ ውኃው፣ ሙቀቱ ሌላ ሆነባት። ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ቆላ የደጋን አሠራር እንዳለ አይቀበልም።

የእኔ ፍርድ የሚነሣው ከዚህ ነው። በፓዌ ጥሩ ሥራ ማለት ወሎን ወይም ከምባታን የሚመስል ሥራ ሳይሆን የበለስን ሙቀትና የቆላን እህል የተማረ እጅ ሥራ ነው። ይህን ለመለየት ደግሞ ብቻዎን አይሂዱ። እኛ አንድ ክፍል ውስጥ የተማርን፣ ሕይወት አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር የበተነን ጓደኞች ተቀጣጥረን ከተማችንን ስንዞር ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው። ማንም በራሱ ቤት ምግብ ላይ ብቻውን አይፈርድም። የወሎዋ ልጅ በጠላው፣ የጎጃሙ ልጅ በገንፎው ላይ ይናገራሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የምግቡ ባለቤት ነው። ናፍቆት መጥፎ ዳኛ ነው። ልጅነቱን ያስታወሰው ሁሉ ይጣፍጠዋል፣ ያላስታወሰው ሁሉ ይጎድልበታል።

ከእንጀራ እንጀምር። የማሽላ እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ ሁሉም ያምራል፤ ፈተናው በማግሥቱ ነው። ማሽላ ቶሎ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፤ ጤፍ የለመደው እጅ ይህንን የእህሉ ጥፋት ያደርገዋል። ባለሙያዋ ግን መድኃኒቱን አብሲቱ ላይ ታውቀዋለች። ከቡሆው ጥቂት ወስዳ በፈላ ውኃ አብስላ ስትመልሰው ዱቄቱ ውኃውን አጥብቆ ይይዛል፣ እንጀራውም ይለሰልሳል። አብሲቱን የዘለለች ወይም ያቻኮለች ሴት እንጀራ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ሁለተኛው ምሥጢር ሰዓት ነው። በፓዌ ሙቀት ቡሆ ደጋ ላይ ከሚፈጅበት ጊዜ ባነሰ ይደርሳል፤ የእናቷን ቀን ቆጥራ የምትጠብቅ ሴት ሆምጣጤ ትጋግራለች። ኮምጣጣነቱ መጀመሪያ ላይ አፍ የሚጨብጥ ሳይሆን ከዋጡ በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሲሆን ጊዜው ልክ ነበር ማለት ነው።

ዓይኑን በጤፍ ዓይን አይዩት። የማሽላ እንጀራ ዓይን አነስ ያለና የተራራቀ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት መሐሉና ጠርዙ እኩል መሆኑ ነው። ጀርባው ለስላሳ ይሁን፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት ምጣዱ ከመጠን በላይ ግሏል ወይም በደንብ አልታሰሰም። የወሎዋ ጓደኛችን ቁርስ ቤት ገብታ ገና ሳትቀምስ አንድ እንጀራ ጠርዙን ይዛ እስከ መጨረሻው ጠቀለለችው፣ መልሳ ዘረጋችው፣ እጥፋቱ ላይ የተሰነጠቀ መሥመር እንዳለ በጣቷ ዳሰሰች። አልነበረም። የጋገረችው ሴት ከጓዳ ሆና ታያት ኖሯል፤ «የትላንት ነው እኮ» አለች በኩራት። ከዚያ በላይ ምስክር አያስፈልግም። እርስዎም የትላንቱን ይጠይቁ፤ የትላንቱን ሳያፍር የሚያቀርብ ቤት የታመነ ቤት ነው። ስለ ማሽላው ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀዩን ማሽላ ወፍ ስለማይደፍረው ገበሬ ይወደዋል፤ መራራነት ስላለው ግን ለእንጀራ ነጩ ይመረጣል። ጠቆር ያለ እንጀራ ካገኙ ዳጉሳ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ጠይቀው ይፍረዱ፤ ዳጉሳ ከሆነ ጥቁረቱ ጉድለት አይደለም።

አሁን ወደ ገንፎውና ወደ ባሚያው። ከደጋ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ረዘም አድርጌ ልቆይበት። የጉሙዝ ገንፎ መሐሉ ተቦርቡሮ ቅቤና በርበሬ የሚሞላበት የአራስ ገንፎ አይደለም። የማሽላ ወይም የዳጉሳ ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ በጠንካራ ክንድ ተገንፍቶ የዕለት ምግብ ይሆናል፤ በእጅ እየተቆረሰ በወጥ ይበላል። ጥሩነቱ በሦስት ጣት ይታወቃል። ሲቆርሱት ቅርጹን ይይዛል፣ ጣት ላይ ግን አይጣበቅም፤ ከውስጡ ያልበሰለ ዱቄት የቋጠረ ጓል አይወጣም። እንፋሎቱ የበሰለ እህል እንጂ የጥሬ ዱቄት ሽታ የለውም። ጥሬ ከሸተተ ያማሰለው ክንድ ቀድሞ ደክሟል።

ባሚያው ዝልግልግ ነው። መዝለግለጉ ሥራው ነው። ጓደኞቼ መካከል ያለችው የጉሙዝ ልጅ፣ አንደኛ ደረጃ ላይ ምሳዋን ስንስቅባት የነበረችው፣ ዛሬ ነርስ ናት፤ ማንኪያውን ከሳህኑ ወደ ላይ ሳበችና ወጡ እንደ ክር ሲከተል አሳየችን። «ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ ውኃው በዝቷል ወይም ሰው ፈርቶ ቲማቲም ጨምሮበታል» አለች። ልክ ነበረች። ኮምጣጣ ነገር ዝልግልግታውን ይሰብረዋል፤ አንዳንድ ምግብ ቤቶች ለደገኛ እንግዳ ብለው ቲማቲም ሲያበዙበት ባሚያ ሌላ ወጥ ይሆናል። ደረቁን የማሽላ ገንፎ ጉሮሮ ሳይዝ የሚያወርደው ይኸው ክር ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚፈረድባቸው አይደሉም። ጥሬውን ሲገዙ ጫፉን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለጋ ነው፣ ከታጠፈ ጃጅቷል፣ ሲበሉት ቃጫ ይሆናል። ደርቆ የተወቀጠውን ደግሞ ያሽትቱት፤ የሻገተ ጎተራ የሚሸት ከሆነ ይተዉት።

ገበያው ራሱ ለዓይን ትምህርት ነው። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ ባስቀመጡት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ፣ እንጨቱ ወደ አንድ ጎን ሳያዘነብል የሚሄዱትን ይመልከቱ። ከፊትና ከኋላ ያለው ክብደት የተመዛዘነው ቤት ውስጥ፣ ገና ሳይነሡ ነው። የሚሸጡት ቅልም ሆነ ማር በዚያው ጥንቃቄ የተያዘ ነው።

በቅርብ ዓመታት ይህ ገበያ እንዲህ አልነበረም። በተለይ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ገድሏል፣ ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል፤ ከቻግኒ ወደ ፓዌ የሚወርደው መንገድ አስፈሪ ነበር። ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል በቀጠሮው ያልተገኙት ሁሉ በሥራ ምክንያት የቀሩ አይደሉም። ዳኛ እንለዋወጥ ስል ለጨዋታ ብዬ አይደለም። አንዱ የሌላውን ማዕድ «ይኼ ደግሞ ምግብ ነው?» ሲል የሰማሁበት ከተማ ነውና ከባለቤቱ መለኪያውን ጠይቆ መብላት ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው።

የከምባታው ጓደኛችን ቤት ቆጮ አልጠበቅንም። ቆጮ የሚሠራበት እንሰት ቀዝቃዛ አገር ይወዳል። እናቱ ግን በቆሎን ተምረዋል። የበቆሎ ቂጣቸው ወፍራም ሆኖ መሐሉ የበሰለ፣ ጎመናቸው በቅቤ ተለውሶ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ ነው። «እማማ፣ ቆጮ አይናፍቅዎትም?» ስንላቸው «ይናፍቀኛል፤ ቂጣዬን ግን ቆጮ ሁን አልለውም» አሉን። ከሁላችንም የተሻለ ፍርድ የሰጡት እሳቸው ናቸው።

ጠላውን የጎጃሙ ልጅ ይቅመስ። የዳጉሳ ጠላ ቀለሙ ጠቆር ይላል፤ የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ተይዞ ጉሮሮ ላይ የሚለቅ ከሆነ ተመስግኗል። እስከ ደረት የሚከተል ምሬት የጌሾ ብዛት ነው። በዚህ ሙቀት ጠላ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ «መቼ ተጠመቀ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የማይጠጣ ሰው የወሎዎቹን ቀሪቦ ያገኛል፤ ገብሱ በእኩል ተቆልቶ፣ ሳያርር ቡናማ ሆኖ መጠመቁን ከጥሩ ሽታው ይለዩታል።

ሽሮ ካዘዙ አኩሪ አተር ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቁ። የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት ከሠራባቸው ሰብሎች አንዱ ይኸው ነው፤ ከገበሬው ማሳ ወደ ማጀት ገብቷል። ሳይቀቀልና በደንብ ሳይቆላ የተፈጨ አኩሪ አተር ጥሬ ባቄላ የሚመስል ሽታ ይለቃል፤ ሽሮው ሲንተከተክ ይህ ሽታ ከመጣ ምንም ቅመም አይሸፍነውም። ካልመጣ ግን ሽሮው ከወትሮው ወፈር ብሎ፣ ዘይትም ብዙ ሳይፈልግ ይወጣል፤ የዚያችን ቤት ባለሙያ ያመስግኑ።

ማንጎ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይበዛል። አብዛኛው ከፍሬው ተተክሎ የበቀለ የአገር ማንጎ ስለሆነ ክር አለው፤ ክር ስላለው ብቻ አይናቁት፤ ከአዲስ አበባ ሱቅ ለስላሳ ማንጎ በመዓዛም በጣዕምም የሚበልጥ ብዙ ዛፍ አለ። ቀለሙ አያታልልዎት፤ አረንጓዴ ሆኖ የበሰለ ብዙ ነው። አፍንጫዎን እጀታው የነበረበት ቦታ ላይ ያስጠጉ፤ ጣፋጭ ሽታ ከሌለው ያለጊዜው ተቆርጧል። ልጣጩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ካዩ በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው፣ ከዚያም በምዕራቡ አገራችን የተስፋፋው የማንጎ ነጭ ተባይ ምልክት ሊሆን ይችላል። ተባዩ የሚቀመጠው ላዩ ላይ ነውና ሥጋው ካልተጎዳ ይበላል፤ ዋጋው ግን ይቀንስልዎት። የሚቻል ከሆነ ከነጋዴ ሳይሆን ከዛፉ ባለቤት ይግዙ፣ የትኛው ዛፍ እንደሆነም ይጠይቁ። ጥሩ ዛፍ ያለው ሰው ዛፉን ለይቶ ያውቀዋል፤ በጣቱ ያሳይዎታል።