ካቴናው ከመከሰሱ በፊት

«ጠዋት ሲነሳ ከርርር ይላል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መልሴ አንድ ነው፤ «መኪናው እዚህ ይደር።» ጋራዥ እስኪደርስ ሞተሩ ሞቋል፣ ድምፁም ጠፍቷል። የታይሚንግ ካቴናን የሚወጥረው ቴንሽነር ጉልበት የሚያገኘው ከዘይት ግፊት ነው፤ ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ሲነሳ ዘይቱ እስኪደርስለት ካቴናው ላልቶ ጋይዱን ይመታል። እኔ መስማት የምፈልገው እነዚያን ሰከንዶች ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር ያለው አሮጌ ኮሮላ ነው። ረጅም ካቻቢቴ ይዤ ጫፉን የካቴናው ሽፋን ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አስነሳለሁ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ መጀመሪያ የማየው የዘይት ፊልተሩን ነው፤ ርካሽ ፊልተር ዘይቱን ይዞ አያድርም። ካልጠፋ የዲናሞውን ቺንጋ አውልቄ ለአፍታ አስነሳለሁ። አሁን ዝም ካለ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው። በዚህች የአምስት ደቂቃ ሥራ ስንፍና ስንት ደህና ካቴና ተቀይሯል!

ካቴና ረዘመ ስንል ብረቱ ተለጠጠ ማለት አይደለም፤ የሚበሉት ፒኖቹ ናቸው። 100 አንጓ እያንዳንዱ በ0.03 ሚሊሜትር ቢበላ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። ካምሻፍቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩም ፒ0016 የሚል የስህተት ኮድ ያወጣል።

በዚህ ሞተር ቴንሽነሩ ከውጭ በሁለት ዳዶ ስለታሰረ ሽፋኑን ሳልከፍት አወጣዋለሁ። ዘንጉ ብዙ ወጥቶ ከሆነ ካቴናው አልቋል። ቴንሽነሩ ወጥቶ ሳለ ግን ሞተሩን ማዞር ክልክል ነው፤ ካቴናው ጥርስ ይዘላል። ስመልሰው ዘንጉን አስገብቼ በመንጠቆው እይዘዋለሁ፤ ካሰርኩ በኋላ ክራንክሻፍቱን በእጅ ትንሽ ወደ ኋላ ሳዞር መንጠቆው ይለቃል። መልቀቁን ሳላረጋግጥ ቁልፍ አላዞርም።

የበሽታው ሥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ 1ዜድዜድ ሞተሮች በፒስተን ሪንግ ምክንያት ዘይት ይበላሉ፤ የሚይዙት ደግሞ ከነፊልተሩ 3.7 ሊትር ብቻ ነው። ባለቤቱ አገልግሎት እስኪደርስ ካልጨመረ ቴንሽነሩ ይራባል። ስለዚህ ካቴናውን፣ ጋይዱንና ቴንሽነሩን አንድ ላይ ቀይሬ ሳስረክብ የዘይት መለኪያውን በእጁ አስይዘዋለሁ፤ ሪንጉን እስኪያሠራ በየሳምንቱ ጠዋት፣ ሞተር ሳያስነሳ፣ ሜዳ ላይ አቁሞ እንዲያይ።