«ተፋሰስ» እና መለያው፤ ስለ ወንዞች ምደባ ቃላት የቀረበ ሂስ

የወንዝ ተፋሰሶችን ከመሬት ከፍታ መረጃና ከወንዞች መረብ እየተነሡ መለየትና መመደብ የመልክዐ ምድርና የውሃ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ለሥራው የሚያገለግሉት የአማርኛ ቃላት ግን የቋንቋ ባለሙያንም ይመለከታሉ። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ቃላት ሦስቱን እንመረምራለን። ዋናውን ምሳሌ የምንወስደው ከጎንደር ከተማና በስተሰሜን ካለው ደጋ ነው።

የመጀመሪያው «ተፋሰስ» ነው። «ፈሰሰ» ከሚለው ግሥ በመደራረግ ስልት የወጣ ስለሆነ፣ ውሃዎች እየተቀባበሉ ወደ አንድ መውረጃ የሚደርሱበትን መሬት ለመሰየም የተስማማ ነው። ችግሩ የሚመጣው «ዋተርሼድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በተገኘበት ሁሉ እርሱን ከመተካት ነው። ቃሉ በ19ኛው ምዕት ዓመት የጀርመንኛ አቻውን አርአያ አድርጎ ሲገባ፣ የሁለት ወንዞችን ውሃ የሚለየውን መስመር ያመለክት ነበር፤ በአሜሪካ አጠቃቀም ግን ውሃው የሚወርድበት መሬት መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ሁለቱም ፍቾች አሉ። ስለሆነም «ከጎንደር በስተሰሜን ያለው ተፋሰስ ጣናንና ተከዜን ይለያል» ተብሎ ቢተረጎም ስሕተት ነው፤ ተፋሰስ ያገናኛል እንጂ አይለይም።

የስሕተቱን ክብደት የአንገረብ ስም ያስረዳል። በጎንደር አጠገብ የሚወርደው አንገረብ ከቀሃ ጋር ከከተማይቱ በታች ተገናኝቶ፣ በመገጭ በኩል ጣና ይገባል፤ ከጣናም ውሃው በዓባይ ይወጣል። ትልቁ አንገረብ ደግሞ ከዚያው ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በመውረድ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ፣ የሁለቱ ውሃ የሚገናኘው አትባራ ናይልን ከሚያገኝበት፣ ከካርቱም በስተሰሜን ነው። ለጎንደር ውሃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል የተቸገረ ነው፤ ከመለያው መስመር ማዶ የሚሠራ እርከን ግን ከዚያ ግድብ አንድ አካፋ ደለል እንኳ አያስቀርም። እንግዲህ «የአንገረብ ተፋሰስ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መስመሩም የራሱ ስም ያስፈልገዋል። «ውሃ ከፋይ» ግብር ከፋይን ስለሚያስታውስ «የውሃ መለያ» የሚለውን እንመርጣለን።

ሁለተኛው «ደረጃ» ነው። ሆርተን በ1945 እ.ኤ.አ. የጀመረውንና ስትራህለር በ1952 እ.ኤ.አ. ያሻሻለውን የወንዞች አቆጣጠር «የወንዝ ደረጃ» ብሎ መተርጎም ይቀናል። በስትራህለር አቆጣጠር ገባር የሌለው ጅረት ቁጥሩ 1 ነው፤ ሁለት ባለ 1 ጅረቶች ሲጋጠሙ 2 ይሆናል፤ ባለ 1 ከባለ 2 ጋር ቢቀላቀል ግን ቁጥሩ 2 እንደሆነ ይቀራል። «አንደኛ ደረጃ ትምህርት» መጀመሪያው ነው፤ «አንደኛ ደረጃ ሆቴል» ግን ከሁሉ የበለጠው ነው። ስለዚህ «አንደኛ ደረጃ ወንዝ» የተባለ እንደሆነ ትንሿ ፈፋ ከመገጭ የበለጠች ልትመስል ትችላለች። «እርከን» እንዳንል በአፈር ጥበቃ ሥራ ተይዟል። ሕዝቡ የሚጠቀምባቸው ፈፋ፣ ጅረትና ወንዝ መጠንን እንጂ መጋጠምን ስለማይቆጥሩ ምትክ አይሆኑም። የእኛ አስተያየት «የመጋጠም ቁጥር» እንዲባል ነው፤ ቁጥሩ እንዴት እንደሚያድግ ስሙ ራሱ ይናገራልና።

ሦስተኛው «የፍሰት ክምችት» ነው። የከፍታ መረጃ መሬትን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፋፍላል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር በተሰበሰበው መረጃ የአንዱ ክፍል ወርድ 30 ሜትር ያህል ነው። በተለመደው ስልት ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ክፍል ውሃ ከ8 ጎረቤቶቹ ቁልቁለቱ ወደሚበረታው ይመራል፤ ቀጥሎም በየክፍሉ በኩል የስንት የላይ ክፍሎች ውሃ እንደሚያልፍ ይቆጥራል። «ክምችት» ግን ለአማርኛ አንባቢ በጎተራ እንዳለ እህል ተጠራቅሞ የተቀመጠ ነገር ነው። እዚህ የተጠራቀመ ውሃ የለም፤ ያለው የሚያልፈው ብቻ ነው። ስለሆነም «የመጪ ፍሰት ድምር» ቢባል ይሻላል።

«ተፋሰስ» በገበሬውም አፍ የገባ በመሆኑ ይለወጥ አንልም። የምናሳስበው ተርጓሚው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ጽሑፉ የሚናገረው ስለ መሬቱ ነው ወይስ ስለ መለያው?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። መልሱን ካገኘ ቃሉ አያስቸግረውም።