የሰጠ ቢነሳ…

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቧንቧ የነበራቸው አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። በራቸው አይዘጋም። እንስራ ያዘለ ሁሉ ገብቶ ይቀዳል፤ ክፍያው ምርቃት ነበር። ኋላ ግቢው ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤትም ቧንቧው ላይ ቁልፍ አንጠለጠሉ። እናቴ ባዶ እንስራዋን አዝላ ተመለሰችና «ምን ይደረግ፣ የሰጠ ቢነሳ የለበት ወቀሳ» አለች። አለቀ፣ ደቀቀ።

ይህን ያስታወሰኝ ፕሮግራም በመጻፍ እንጀራውን የሚበላው የወንድሜ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጃቫ እኮ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማንም ወስዶ እንደፈለገ ይሠራበታል» ይለኛል። «ባለቤቱስ?» ስለው፣ «ኦራክል ነዋ!» አለኝ። እኔ ደግሞ «ነጻ» የሚል ቃል ስሰማ ያ ቧንቧ ትዝ ይለኛል።

እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጃቫን በ1995 ለዓለም ሲያቀርብ፣ አንዴ የተጻፈ ፕሮግራም በማናቸውም ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል ብሎ ነበር። ዓለም አመነው። ባንኩም፣ የስልክ ድርጅቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም ሥራውን በላዩ ገነባ። መጠቀሙ በነጻ ነበር፤ ኮዱን ቀይሮ እንደልብ ማሠራጨት ግን የሰን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በሰው ግቢ ቤት መሥራት ማለት ይኸው ነው። ሪቻርድ ስታልማን በ2004 «ወጥመድ ነው» ብሎ ማስጠንቀቁ ያለ ነገር አልነበረም።

በኖቬምበር 2006 ሰን ጃቫን ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ እንደሚለቅ አስታወቀ፤ በ2007 አብዛኛው ኮድ ተለቀቀ። እሰየው! ጭብጨባው ቀለጠ። ታዲያ ምኑ ተለቀቀ፣ ምኑስ ቀረ?

ስሙ ቀረ። ከስሙ የባሰው ደግሞ ፈተናው ቀረ። አንድ ሰው ራሱ የሠራውን «ይህ ትክክለኛ ጃቫ ነው» ብሎ ለማስመስከር የሚያልፍበት መፈተኛ አለ፤ ቁልፉ በሰን እጅ ነበር። አፓቺ የተባለው ማኅበር ሃርመኒ ብሎ የራሱን ጃቫ ሲሠራ፣ መፈተኛውን የምታገኘው ሥራህ የሚውልበትን ቦታ ገድበህ ነው ተባለ። አፓቺ በ2007 አቤቱታውን በግልጽ ደብዳቤ አሰማ፤ ሰሚ አጣ፤ በ2010 መጨረሻም ከጃቫ ደንብ አውጪው ኮሚቴ ጥሎ ወጣ። በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ መቆም ይሏል ይህ ነው።

በዚያው በ2010 መጀመሪያ ግቢው ተሸጦ ነበር። ኦራክል ሰንን ገዛ፤ ዓመት ሳይሞላውም ጎግልን በጃቫ ሰበብ ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለጎግል የፈረደው በ2021 ነው። በ2019 ኦራክል ራሱ አዘጋጅቶ ለሚያቀርበው የጃቫ 8 ማሻሻያ ከንግድ ድርጅቶች ክፍያ መጠየቅ ጀመረ። በ2023 ባወጣው ታሪፍ ደግሞ ክፍያው የሚሰላው በድርጅቱ ሠራተኞች ብዛት ሆነ፤ ኮምፒዩተር የማይነካው ዘበኛ ሳይቀር ይቆጠራል። ቁልፉ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

የእናቴ ተረት ግን እዚህ ላይ አልሠራም። ጃቫ የተለቀቀበት ፈቃድ የሰጠው እንዳይነሳ ያስራል። ኦራክል የራሱን ቧንቧ ቢቆልፍ፣ ሬድ ሃትም አማዞንም ሌሎችም ኦፕን ጄዲኬ ከተባለው ክፍት ኮድ ቀድተው በነጻ ያከፋፍላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ኮድ በማሻሻል ረገድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ኦራክል ራሱ ነው፤ ቢሆንም የተለቀቀውን መልሶ ሊደብቀው አይችልም።

ስለዚህ ወቀሳዬ ለሰን ስስት ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለአጨብጫቢዎቹም ነው። «ነጻ» ሲሉን ዋጋውን እንጂ ወረቀቱን አንጠይቅም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ቢሮ የደመወዝ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ኮዱን ሳያስረክብ ሄዶ፣ ፕሮግራሙ የተበላሸ ዕለት የሚነካው ጠፋ፤ ወር በመጣ ቁጥር በእጅ ስንደምር ከረምን። ውሉን ያነበበ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ለወንድሜ ልጅ ያልኩት ይህንኑ ነው፦ የሰጪውን ደግነት አመስግን፤ ደግነቱ ግን ከሰውዬው ጋር ይሄዳል፤ የሚቀረው የተጻፈው ነው። እኚያ ደግ እናትም ለሰፈሩ አንዲት ወረቀት ፈርመው ቢሆን ኖሮ፣ እናቴ ባዶ እንስራ አዝላ ባልተመለሰች ነበር።