ሰናድሩን እንጂ አንቀጹን አናውቅም

ቀሐ ሰርግ ቤት የታደመ ሰው ፉከራ ሳይሰማ አይመለስም። ፎካሪው ምንሽሩን ያነሣል፣ ውጅግራውን ያነሣል፤ ዕድሜው ገፋ ካለ ሰናድሩም አልቤኑም አይቀሩበትም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን "እነዚህ ቃላት ከየት መጡ?" እላቸው ነበር። "አማርኛ ናቸዋ!" ይሉኛል። የለም። ሰናድር እንግሊዞች "ስናይደር" የሚሉት ጠመንጃ ነው፤ ውጅግራ የፈረንሳዮቹ "ፉዚ ግራ"፤ ምንሽር ደግሞ የኦስትሪያው "ማንሊከር"።

አማርኛ የባዕዱን ጠመንጃ ክርስትና አንሥቶ ልጁ አደረገው። ጠመንጃው የመጣበትን ውል ግን ዞር ብሎም አላየው። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ስለ ወዳጅ አገር መሣሪያ ስናወራም ስንጽፍም የዕቃውን ስም እንሸመድዳለን፤ በምን ቃል እንደተሰጠን፣ ነገ ማን ሊከለክለን እንደሚችል አንጠይቅም። የታሪክ ትምህርታችንም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም።

የሂዌትን ውል እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1884 አፄ ዮሐንስ፣ የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌትና የግብፅ መልእክተኛ አድዋ ላይ የተፈራረሙት ነው። ትምህርት ቤት በአንድ ቃል ነው የተማርነው፦ ክህደት። እንግሊዝ ከዳን፣ አለቀ። ሐሰት አይደለም፤ ግን ሙሾ ነው እንጂ ንባብ አይደለም። እስቲ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ እንየው።

አንደኛው አንቀጽ ማናቸውም ዕቃ፣ ጠመንጃና ጥይትም ጭምር፣ በምጽዋ በኩል በነፃ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ወደብ ለሌለው ንጉሠ ነገሥት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ቦጎስን ይመልስና ግብፆች በየሕንፃው ትተውት የሚሄዱትን የጦር መሣሪያ ሁሉ ለአፄ ዮሐንስ ይሰጣል። ደስ ይላል! ነገር ግን በአንደኛው አንቀጽ ውስጥ "በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር" የምትል ሐረግ አለች። መተላለፊያው ከፊርማው ቀን ይጀምራል ይላል፤ እስከ መቼ እንደሚጸና አይልም። ጠባቂው በሩን ለሌላ ቢያስረክብስ? ዝም። የእኛ ግዴታ ግን በስም በስሙ ተቆጥሯል፦ ከሰላ፣ አሚዲብ፣ ሰንሂት። እዚያ ያለው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጣ ማገዝ ነው። ከግብፅ ጋር ክርክር ቢነሣ ዳኛዋ ማን ናት? ንግሥት ቪክቶሪያ።

ስምንት ወር ብቻ ቆየ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885 ጣልያን ምጽዋን ያዘ፤ እንግሊዝም እሺ አለ። በዚያው ዓመት ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋደቁ፣ መሣሪያ ይገባበታል የተባለው በር በሌላ እጅ ነበር።

ጎንደርስ? በጃንዋሪ 1888 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ድል ሆኑ፤ ድርቡሽ ከተማዋን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ እንዳዳናት የአገሩ ሰው ይናገራል። ለቃጠሎው ምክንያቱ ውሉ ብቻ ነው አልልም፤ ከዓመት በፊት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መትተው ነበርና ቂሙ ሌላም ሥር አለው። ቢሆንም የግብፅን ጦር ለማስወጣት ስንገባ የድርቡሽን ጠላትነት ማን ወረሰ? ፈራሚው እንግሊዝ አይደለም። ደምቢያና ጎንደር ናቸው። አፄ ዮሐንስም በማርች 1889 በመተማው ጦርነት ቆስለው አለፉ።

"ያ ድሮ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። በ1953 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ እኛ አሥመራ ላይ ቃኘውን ሰጠን፣ እነሱ መሣሪያና ሥልጠና። በ1977 ዋሽንግተን ከደርግ ጋር ስትኳረፍ እርዳታው ተቋረጠ። ሶማሊያ ስትወርረን በአሜሪካ መሣሪያ የሠለጠነው ጦር በዓመቱ መጨረሻ የሶቪየት ታንክ መማር ነበረበት። ታንክ የሰጠ ሰው መለዋወጫውን በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው።

የሠለጠኑት ወዳጆች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚያደርጉ ማየት ነው። በ2024 አሜሪካ ለእንግሊዝና ለአውስትራሊያ የጦር መሣሪያና የቴክኖሎጂ ዝውውር ሕጓን አላላች። አውስትራሊያም የራሷን ሕግ አሻሻለች። ሆኖም በነፃ የማይተላለፉ ቴክኖሎጂዎች ዝርዝር አብሮ ወጣ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ዘመዳሞች እንኳ ዝርዝር ጽፈው፣ ከነልዩ ሁኔታው አንብበው ነው የሚፈራረሙት።

እኛ በኦገስት 2021 ከቱርክ ጋር አንካራ ላይ የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈራረምን። ካፌ ለካፌ የሰማሁት ወሬ ሁሉ ስለ ድሮን ነበር። መለዋወጫው ከማን እጅ ነው፣ ውሉ መቼ ያበቃል፣ መሣሪያው የትና በማን ላይ ሊውል ይችላል ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አላስታውስም። "ባይራክታር" የሚለውን ቃል ግን ውድ አንባቢ፣ የሰፈሬ ልጆች አባቶቻቸው ሰናድርን አማርኛ ካደረጉበት ባነሰ ጊዜ አማርኛ አድርገውታል።