ገልብጠሽ አባዢ

የእህቴ ልጅ መምህርት ናት። ዳንግላ ተወልዳ ያደገች፣ ከከተማው ወጣ ባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር። የመምህራኑ እቁብ ጸሐፊም እሷው ናት። አርባ ምናምን ሰው ነው፤ ሙሉ ዕጣ የሚጥል አለ፣ ግማሽ የሚጥል አለ፣ ሩብ የሚጥልም አለ። ቅጣት ያለበት፣ የተበደረ፣ የባልደረባውን የሚከፍል… የሷ ደብተር ግን አንድ ብር ዝንፍ አይልም። ካልኩሌተር ስትነካ አይቻት አላውቅም።

ከጦርነቱ በፊት በአንዱ ዓመት፣ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሄጄ ነበር። ማታ ብርዱን ሸሽተን እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ይህችው ልጅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል።»

ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሂሳብ ነው። የሂሳቡ መምህር ለቀቀና «ሌላ እስኪመጣ» ተብላ ስድስተኛ ክፍልን ተረከበች። «እስኪመጣ» በእኛ አገር ምን ያህል ዘመን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ያኔ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

«አንቺ? እቁቡን እንደዚያ የምትይዢው ልጅ?»

«ያ እኮ ሂሳብ አይደለም፤ ብር ነው።»

ሳቅኩ። ቀጥላ የነገረችኝ ግን አላሳቀኝም። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል እያስተማረች ነው። ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት፣ አለቀ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ለምንድን ነው የምንገለብጠው?» አለቻት። «ዝም ብለሽ ገልብጠሽ አባዢ አልኳት፤ ለእኔም እንደዚያ ነበር የተነገረኝ» አለችኝ፣ እሳቱን እያየች። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም።

እስቲ ጥያቄውን እኛም እንሞክረው። 1¾ ለ½ ሲካፈል ስንት ነው? ደግሞስ ምን ማለት ነው? ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ ይህንኑ ለ23 አሜሪካውያንና ለ72 ቻይናውያን የአንደኛ ደረጃ መምህራን አቅርባላቸው፣ ያገኘችውን በ1999 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትማለች። ከአሜሪካውያኑ በትክክል አስልተው የጨረሱት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ለስሌቱ የሚሆን ታሪክ ፍጠሩ ሲባሉማ የተሳካለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ «ለግማሽ ማካፈል»ን «ለሁለት ማካፈል» እያደረጉ ተምታታባቸው። ቻይናውያኑ ሁሉም አሰሉት፣ አብዛኞቹም ታሪኩን ፈጠሩለት። አሜሪካውያኑ ባለ ዲግሪዎች ናቸው። ቻይናውያኑ ዘጠኝ ዓመት ተምረው ሁለት ሦስት ዓመት መምህራን ማሰልጠኛ የቆዩ! የመምህሩን ችግር ከሰርተፍኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ በማሳደግ እንጨርሰዋለን ብለን በየክረምቱ ለምንደክም ለእኛ ይህች ነገር ትንሽ ትቆረቁራለች።

የስነ ጽሑፍ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቃሉን ነው። መጽሐፎቻችን የክፍልፋይን የላይኛውን ቁጥር «ላዕል»፣ የታችኛውን «ታሕት» ይሉታል። ግዕዙ ያምራል። ግን የሚነግረን ቁጥሩ የት እንደተቀመጠ ነው፤ ምን እንደሚሠራ አይደለም። ፈረንጆቹ ከላቲን የወረሱት ስም የላይኛውን «ቆጣሪ»፣ የታችኛውን «ሰያሚ» እንደ ማለት ነው። ¾ ላይ 4ቱ ስም ይሰጣል፣ ሩብ ብሎ፤ 3ቱ ይቆጥራል፣ ሦስት ሩብ ብሎ። ባላገሩ ደግሞ ይህን ያውቅ ነበር። ሲሶ አራሽና እርቦ አራሽ የሚባል ኑሮ በነበረበት አገር ክፍልፋይ ያላወቀ ይራባል። የመማሪያ መጽሐፉ ግን ሲሶና እርቦን ከደጅ አቁሞ ላዕልና ታሕትን ወንበር ሰጣቸው።

አዊኛውማ ይብሳል። ልጆቹ አፍ የፈቱበት ቋንቋ የአቆጣጠሩን ምስጢር በስሙ ላይ ጽፎታል። የአማርኛ ፊደል ድምፁን በደንብ ባይዘውም፣ ሁለት «ላንጋ» ነው፣ ሰባት ደግሞ «ላንገታ»፤ ሰባት ከሁለት የተወለደ ነው፣ አምስቱ የአንድ እጅ ጣት ካለቀ በኋላ ማለት ነው። ስምንትም ከሦስት፣ ዘጠኝም ከአራት እንዲሁ። ቋንቋው ራሱ በጣት ይደምራል። ልጁ በጣቱ ሲቆጥር ግን መምህሩ በማስመሪያ ጣቱን ይመታዋል!

የልጅቷ አያት፣ የእኔ አባት፣ ቄስ ነበሩ። ባሕረ ሐሳብ በቃላቸው ያወርዱታል። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፤ 2017 ከሆነ 7517። በ19 ስትገድፈው 12 ይተርፋል፣ አንድ ቀንስ፣ ወንበሩ 11። 11 በ11 121፣ በ30 ስትገድፈው 1፤ አበቅቴው እሱ ነው። መጥቅዑ 29፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተሳስተሃል ማለት ነው። ማስተካከያው እዚያው ውስጥ አለ። አባቴ ይህን በጣታቸው አንጓ ሲያሰሉ ማንም «ጭንቅላት አላቸው» አላላቸውም፤ «ተምረዋል» ነው የተባሉት። (የቆሎ ተማሪ ጅራፍ አያጣውም፤ ያንን ዘመን ላሞግስ አልተነሳሁም።)

እኛ ግን «ሂሳብ ጭንቅላት ይጠይቃል» እንላለን። ጭንቅላት የሚጠይቅ ከሆነ የፈራ ሰው ፍርሃቱን መናገር አይችልም፤ ደደብ ነኝ ብሎ መፈረም ነዋ! ስለዚህ ይደብቀዋል። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ከ1 እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲይዝ ሲደረግ ደግሞ መደበቂያው ሰፋ። የሂሳቡ ክፍለ ጊዜ በመዝሙር ያልፋል፣ ከባዱ ምዕራፍ «ለቤት ሥራ» ይሰጣል፣ ማን ያያል?

ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ሄምብሪ የተባለ ተመራማሪ 151 ጥናቶችን አሰባስቦ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ከኮሌጅ ተማሪዎች ሁሉ ሂሳብን አብልጠው የሚፈሩት የአንደኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚሠለጥኑት ሆነው ተገኝተዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. እነ ቤይሎክ 17 የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህርቶችን ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ዓመት ተከታተሉ። ዓመቱ ሲጀመር ምንም ልዩነት አልነበረም። ሲያልቅ መምህርቷ ሂሳብ ይበልጥ በፈራች ቁጥር «ሂሳብ የወንድ ነው» የሚሉ ሴት ልጆች በዝተው፣ የእነዚያው ውጤት ወርዶ ተገኘ። ወንዶቹ ላይ አልታየም። ማንም በቃል አላስተማራቸውም። ልጅ የሚያነበው ፊትን ነው።

የመጀመሪያው ብሔራዊ ምዘና በ1992 ሲካሄድ የ4ኛ ክፍል የሂሳብ አማካይ ውጤት ከመቶ 40 እንኳ አልሞላም ነበር። ያኔ ያለቀሰ አላየሁም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ሲሆኑ ግን አገር ተንጫጫ። በዚያ ላይ ጦርነቱ መጣና በክልላችን ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ይህ ሁሉ እያለ የአንዲት መምህርት ሆድ ቁርጠት ምን ያህል ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። ሲከፈት የምትገባው ግን እሷው ናት፣ ያንኑ ሆድ ይዛ።

ለነገሩ እኔስ? ስነ ጽሑፍ የገባሁት ለጥበብ ባለኝ ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሂሳብ ሮጬ ነው። ለዓመታት ሳስተምር የፈተና ውጤት ስደምር እሳሳትና «እኔ የቃላት ሰው ነኝ» እላለሁ፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ከፊቴ ከተቀመጡት ብዙዎቹ መምህር ሊሆኑ የሚሠለጥኑ ነበሩ። ምን እያስተማርኳቸው እንደነበር የገባኝ ያን ማታ እንጅባራ፣ እሳቱ ዳር ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ሙሉ እንጀራና ሦስት ሩብ ክፍል ውስጥ ይዤ ገባሁ። ለአንድ ሰው ግማሽ ግማሽ ሲደርስ ለስንት ሰው ይበቃል? አልኳቸው። ሦስት ሰው ወሰደ። የተረፈው ሩብ ነው። መልሱ ግን ሦስት ተኩል ነው የሚለው። ተኩሉ ከየት መጣ?»

ዝም አልኩ።

«አላወቁትም አይደል?»

«አላወቅኩትም።»

«እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ‹አላውቅም፣ እስቲ እንየው› አልኳቸው። ኋላ አንዲት ልጅ ሩቧን አነሳችና ‹ቲቸር፣ ይሄ እኮ የአንድ ሰው ድርሻ ግማሽ ነው› አለች።»

«ያቺ ልጅ ናት?»

«አይደለችም፤ ሌላ ናት። ያቺማ እንደ ዝም አለች ነው።»